«ኃይለኛ ውሻ አለ»፦ የወሎ ከተሞች የውሻ ንክሻ አቤቱታ አያያዝ ሲመዘን

ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ሦስት በር ያንኳኳል፦ ጤና ተቋም፣ ፖሊስ ጣቢያና የእንስሳት ክሊኒክ። ለየብቻቸው ሲታዩ የሚነቀፉ አይደሉም። ውሻውን ግን «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚረከብ የለም። ከ5 ኮከብ 2 ተኩል የሰጠነውም ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ላይ ይበላሻል። «ቃልህን ስጥና ትሄዳለህ» የሚል መርማሪ ቢገጥማችሁ እሺ አትበሉ። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቡና መነስነስ የለም። ከዚያ ወደ ሐኪም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በተለመደው አሰጣጥ በ0፣ 3፣ 7፣ 14 እና 28ኛው ቀን ነው፤ 0 የሚባለው መጀመሪያ የተወጉበት ዕለት ነው። ቆዳ ተቀዶ ከደማ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊንም (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልጋል። ጣቢያው ለሕክምና ማስረጃ የሚጽፈው ደብዳቤ በኋላም ይደርሳል።

ቃል መቀበሉ ላይ ጣቢያዎቹ ደህና ናቸው። የሚያልፏቸው ነገሮች ግን አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥም ባለቤቱን ለካሳ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» የሚለው ምክንያት ከካሳ አያድንም። በወንጀል ግን ቸልተኝነት መረጋገጥ አለበት (የወንጀል ሕጉ ቁጥር 559)። ለዚህም የተበጠሰው ሰንሰለት መያዝ፣ የአጥሩ ቀዳዳ መለካትና ፎቶ መነሳት፣ ጎረቤትም «ከዚህ በፊት ነክሶ ያውቃል?» ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በሩ ላይ የተጻፈው «ኃይለኛ ውሻ አለ» እንኳ ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ያውቅ እንደነበር ማሳያ ነው። ፎቶ አንሱት።

ትልቁ ጉድለት ውሻው ላይ ነው። ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ 10 ቀን መታየት አለበት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ክትባቱንም ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ቀኑ እስኪሞላ ብሎ ክትባት ማዘግየት ግን አይቻልም። ሰፈሩ በማግሥቱ በድንጋይ ሲጨርሰው ወይም ጭንቅላቱን በጥይት ሲመታ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ነውና። መግደል ግድ ከሆነም ጭንቅላት አይነካም፤ ናሙናው በበረዶ ሳጥን ቀዝቅዞ ይላካል። ናሙናው የሚላክበት አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መሆኑን አስቡና የቀበሩትን ሬሳ በሳምንቱ አውጥቶ ለመላክ አትሞክሩ።

እንግሊዞች ይህን በሰው ኃይል ነው የፈቱት። የ1991 (እ.ኤ.አ.) የአደገኛ ውሾች ሕጋቸውን የሚያስፈጽም፣ ስለ ውሻ ሕግ የሠለጠነ መኮንን አላቸው፤ ተራ ምርመራውን የአካባቢው ፖሊስ ይሠራል፣ መኮንኑ ደግሞ ዝርያ ይለያል፣ ያማክራል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመሰክራል። የለንደን ፖሊስ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለብቻው ክፍል አቋቁሞ ነበር። ከተከለከሉት ዝርያዎች አንዱ ቶሳ የሚባል የጃፓን ውሻ ነው፤ የደሴ ሰው ጦሳ ተራራ ምን አጠፋ ይበል እንጂ! ደካማ ጎናቸውም ዝርያ ላይ መንጠልጠላቸው ነው፤ የሚነክሰው ሁሉ ከዝርዝሩ ውስጥ አይደለም። ለእኛ የዝርያው ዝርዝር አይጠቅምም፣ የሥራ ክፍፍሉ ግን ይጠቅማል።

በየጣቢያው አንድ የተመደበ ፖሊስ ይበቃል። ጫፉ ላይ ገመድ ያለው የመያዣ ዘንግ፣ የአፍ ማሰሪያ፣ ወፍራም ጓንትና 10ሩን ቀን የሚመዘግብበት ደብተር ይሰጠው። ራሱም አስቀድሞ በ0 እና በ7ኛው ቀን ይከተብ፤ ሳይከተብ ውሻ ያዝ ማለት ግፍ ነው።

ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያገኘው እርቁ ነው። ወሎ የአበጋር (የባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች) አገር ነውና ሽምግልናው ፈጣን ነው፣ ጉርብትናም ያተርፋል። ኮከቡን ወደ ሁለት ተኩል ያደረሰውም እሱ ነው። ግን ይቸኩላል፦ በሁለተኛው ቀን የመርፌ ዋጋ ብቻ ተከፍሎ ይፈረማል። አምስት ጊዜ የተመላለሱበት ትራንስፖርትና የቀረው የቀን ገቢ ይረሳል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ የ10ኛው ቀን የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ሳይያያዝ፣ አጥሩም መጠገኑ ሳይታይ አታስፈርሙ።