ቃሉን አስተምሮ ቦታውን የማይነግር አፕ፦ ከ5 ኮከብ 3

ይሄን የቋንቋ መማሪያ አፕ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ። ቃላት ማስያዝ ላይ ጎበዝ ነው፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ቅጽሎች ሲደራረቡ ይመጣል።

«ትልቅ ቀይ የእንጨት ሳጥን» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልስ አለኝ። «ሬድ ቢግ ውድን ቦክስ» አልኩ። ስህተት! ለምን? ዝም። ትክክሉን «ቢግ ሬድ ውድን ቦክስ» ብሎ አሳይቶኝ አለፈ። ቃላቱን እኮ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ የጎደለኝ ቦታቸው ነው። በእንግሊዝኛ መጠን ከቀለም ይቀድማል፣ ቀለም ደግሞ ከተሠራበት ነገር፤ «ቆንጆ» ዓይነት አስተያየት ካለ ከሁሉም ፊት ይገባል። ይሄን በአንድ መስመር ቢጽፉልኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተደናበርኩ።

የሚገርመው፣ «እነዚያ ሦስት ትልልቅ ሳጥኖች» ላይ ግን መልመጃ በመልመጃ ያደርጉናል። እሱን ማን ይስታል? እንግሊዝኛውም እንደኛው ጠቋሚውን («እነዚያ»ን)፣ ቁጥሩን፣ ከዚያ ቅጽሉን ነው የሚያስከትለው። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎች አነጻጽሮ ያለውም ይሄንኑ ነው፦ ሦስቱም ከስሙ በፊት ከመጡ ተራቸው አይለወጥም። ለምናውቀው ነገር ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

የፈረንሳይኛው ክፍል ግን ልብ ያደርሳል። እዚያ ብዙው ቅጽል ከስሙ ኋላ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቦታ ሲቀይር ትርጉሙም ይቀየራል። «ማ ፕሮፕር ሻምብር» የራሴ ክፍል ነው፤ «ሻምብር ፕሮፕር» ሲሆን ንጹሕ ክፍል። ሁለቱን በሥዕል ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ፣ በቃ ገባኝ፣ እስካሁንም አልረሳሁትም።

ዐረብኛውን ገና ጀምሬዋለሁ። «አልበይት አልከቢር» (ትልቁ ቤት) ላይ የታወቀ ነገር መሆኑን የሚያሳየው «አል» ስሙም ቅጽሉም ላይ እንደሚገባ በደንብ አስረድተዋል። እኛ ግን «ትልቁ ቤት» ብለን ምልክቱን («ትልቁ» ላይ ያለውን «ኡ») ቅጽሉ ላይ ብቻ ነው የምናደርገው፣ ቅጽሎቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው ላይ የግድ ነው። አፑ ውስጥ ያለው አማርኛ ይሄን ስቶ «ትልቅ ቀዩ ሳጥን» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው የት አለ? «ትልቁ ቀይ ሳጥን» ነው! ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስካሁን አልታረመም። ካረሙት አራተኛዋን ኮከብ እጨምራለሁ።