ልጄን የሕግ ትምህርት ቤት ላስገቡልኝ ፕሮፌሰር ምስጋናዬ ይድረስ

ወገኖቼ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ጠበቃ መሆን ከፈለገ ይህን አንብቡልኝ። ልጄ የሕግ ትምህርት ቤት ገባችልኝ! ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ምስጋናዬ ለአንዲት ሂስፓኒክ (ላቲኖም ይሏቸዋል፤ ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠራውም።

ከዚያ በፊት ያየነው አበሳ አይነሳ። አማካሪ ነኝ ያለን ሰው ገንዘባችንን ተቀብሎ፣ ለማንም ሊሆን የሚችል የማመልከቻ ድርሰት ሰጥቶን ስልኩን ዘጋ። ሌላዋ ደግሞ ልጄን ፊት ለፊት «ለአንቺ የቢሮ ሥራ ይሻልሻል» አለቻት። ያን ቀን ልጄ እህል ሳትቀምስ ተኛች። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፕሮፌሰሯን ያገናኘችን አብራኝ ሆስፒታል የምታጸዳ የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። የእሷም ልጅ በእሳቸው እጅ ነው የገባው፤ ዛሬ በትምህርት ቤቱ የላቲኖ ተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆኖ ተከታዮቹን ያስጠናል። ፕሮፌሰሯ ከቤተሰቡ ቀድሞ ኮሌጅ የረገጠን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያማክራሉ። አብዛኞቹ ላቲኖ ናቸው፤ የእኔን ልጅ ግን ከየት መጣሽ አላሏትም።

ድርሰቷን አንብበው ወደ ጎን አደረጉትና «የቤት ኪራይ ክርክር ሲገጥማችሁ ፍርድ ቤት ለእናትሽ ያስተረጎመው ማነው?» አሏት። «እኔ ነኝ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለች። «እሱን ጻፊ» አሏት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። እስከዚያ ቀን ያንን ነገር እንደ ቁም ነገር የቆጠረላት ሰው አልነበረም።

ቴክሳስ ውስጥ በአንድ አውራጃ ለ25 ዓመት የሜክሲኮ ስም ያለው ሰው ጁሪ (ችሎት ተቀምጦ ፍርድ የሚሰጥ ተራ ዜጋ) ሆኖ አያውቅም ነበር አሉን። ጉስ ጋርሲያና ካርሎስ ካዴና የተባሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ጠበቆች ይህን ተቃውመው እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው ረቱ። እዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሂስፓኒክ ዳኛ፣ ሶንያ ሶቶማዮር፣ የተሾመችው ግን በ2009 ነው። ልጄ ይህን ሰምታ ወደ ቤት ስንመለስ ሌላ ሰው ሆና ነበር።

ኤልሳት (LSAT) የሚሉት የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ክፍያው አቅም ለሌለው እንደሚቀርም የነገሩን እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደሚሞላ እኔ አልገባኝም፤ ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ጨረሱት።

እባካችሁ፣ ለማንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቅርባችሁ ያለ የሕግ ትምህርት ቤት ሂዱና የላቲኖ ተማሪዎችን ማኅበር ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚረዳ ክሊዮ (CLEO) የሚባል ድርጅትም አለ። አትፈሩ፣ ጠይቁ!

ፕሮፌሰር፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። የልጄን ቀና ማለት እንዳሳዩኝ፣ የልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎት።