ቮልስ ያላችሁ ጎንደሬዎች፣ የካንዴላ ጥርስ ስታስጠግኑ ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ እዚህ ጎንደር አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተጠምዝዞ የሚታሰርበት ቀዳዳ ጥርስ ሲበላ "ሄሊኮይል እናስገባለን" ብለው የሄሊኮይል (የተበላውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥቅል) ዋጋ የሚቀበሉ፣ ግን በማጣበቂያ ደፍነው የሚሸኙ አሉ። እኔ ላይ ደርሷል። የጋራዡን ስም አልጠራም፣ ሥራውን ግን ልንገራችሁ።

"አልቋል፣ እንደ አዲስ ሆኗል፣ ዋስትናም አለው" ብለው አስረከቡኝ። ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ስወጣ ካንዴላው ጧ ብሎ ተስፈንጥሮ ወጣ። አስጎትቼ ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ካንዴላው ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ተጠምጥሟል፣ ከላዩ ግራጫ ማጣበቂያ ደርቆበታል፣ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል። ሄሊኮይል የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ስጠይቃቸው "ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር" አሉኝ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ቴስታታ (ካንዴላው የሚታሰርበት የሲሊንደሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ ነው። ካንዴላው የፍንዳታውን ግፊት ችሎ የሚቆመው በጥርሱ ነው፤ ሙቀቱንም ለቴስታታው የሚያስተላልፈው በዚያው ጥርስና በመቀመጫው በኩል ነው። ማጣበቂያ ግፊቱንም አይችል፣ ሙቀቱንም በደንብ አያሳልፍ። ትክክለኛው ሄሊኮይል ስፕሪንግ የሚመስል የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው። የተበላው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ ለእሱ በተሠራ ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ መሣሪያ) አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ይገባበታል፣ ከዚያ ያው የድሮው ልክ ካንዴላ (ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25) ይገጥማል። በወጉ ከተሠራ ከመጀመሪያው ጥርስ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ሽቦውንና ማስኪዮውን አሳዩኝ በሉ። "ቴስታታውን ሳናወርድ እንጨርሰዋለን" ካሏችሁ ሲበሳ የሚወጣው የብረት ፍቅፋቂ የት እንደሚገባ ጠይቁ፤ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ግድግዳውን ይቧጥጠዋል። ማስኪዮው ግራሶ ቢቀባም የተወሰነውን ይይዝ ይሆናል እንጂ ሁሉንም አይዝም፣ እኔ ብሆን አስወርዳለሁ። ሲያልቅ ካንዴላው ከመታሰሩ በፊት ቀዳዳውን በባትሪ አብርታችሁ እዩት፣ የሚያብረቀርቅ የሽቦ ዙር መታየት አለበት።

ዋስትናውንም በአፍ አትቀበሉ። ደረሰኙ ላይ "ሄሊኮይል" ተብሎ ይጻፍላችሁ። ደረሰኝ መስጠት በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴው ግዴታ ነው፣ ውለታ አይደለም። ለመጻፍ ካንገራገሩ መኪናችሁን ሳታስፈቱ ይዛችሁ ውጡ።