ስድስት ኪሎ ለመማር ላሰባችሁ

ሰሞኑን ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ብማር ምን ይመስልሃል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ይህን እናጥራ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ አይደለም። ቋንቋው፣ ታሪኩ፣ ሕጉ ስድስት ኪሎ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ አራት ኪሎ፣ ኢንጂነሪንግ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ቢሾፍቱ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቁር አንበሳ ያለ ዘመዳችሁ የሚነግራችሁና እኔ የምነግራችሁ ባይገጥም አትገረሙ። እኔ የማውቀው ስድስት ኪሎን ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ክልል ውስጥ ነው፤ የግቢው ስም ይቅር። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለነበር ጀሪካን ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነሳት ራሱን የቻለ ኮርስ ነበር። ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ላወጣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሦስት ቀን ቆሜ «ሲስተም የለም» ተባልኩ፣ በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ወጣልኝ ስል የአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። እንግዲህ ስድስት ኪሎ የገባሁት ብዙም ሳልጠብቅ ነው።

ግቢው ቤተ መንግሥት ነበር፣ ገነተ ልዑል። በ1929 የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። የሰማዕታቱ ሐውልት ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ታክሲ ስትጠብቁ ታዩታላችሁ። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግርም፣ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ እዚሁ ደም አፍስሷል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ከሕንፃው ፊት ያለውን ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃ ጣሊያን ነው የሠራው፣ ለፋሺስት ሥልጣን ዘመን በየዓመቱ አንድ ደረጃ ብሎ። ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። በየቀኑ በዚያ ሳልፍ ፈገግ እላለሁ።

እኔ አምስት ኮከብ የምሰጠው ለዚህ ሕንፃ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ለቴሲሴ የድሮ ጋዜጣ ፈልጌ ስገባ የተጠረዘ «አዲስ ዘመን» አመጡልኝ። ትልቅ፣ ከባድ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር። የፈለግኩት አንድ ርዕሰ አንቀጽ ነበር፣ የሬዲዮ ማስታወቂያና የሹመት ዜና ሳነብ ቀኑ መሸ። ስወጣ ጣቶቼ ቡና የቆሉ ይመስላሉ። ይህን ፒዲኤፍ አይሰጣችሁም። ታሪክ፣ ፊሎሎጂ ወይም ፎክሎር የምታጠኑ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ኬኔዲ ላይብረሪም አለ። ለፈተና ሰሞን ችከላ (የጭንቅ ጥናት) ቦታ መያዝ ከፈለጋችሁ በጠዋት ነው። ስለ ላውንጁ ብዙ አልልም፤ ማኪያቶ ማኪያቶ ነው።

የሚከብደው ከተማው ነው። ዶርም ለማያገኝ ሰው ቤት ኪራዩ ኪስ ያራቁታል፣ ስሙ ስለከበደ ብቻ ሥራ ለቆ መምጣት ያስቆጫል። ፀጥ ያለ፣ ጫካ ያለበት፣ ከሱቅ የራቀ ካምፓስ የሚወድ ሰውም ይሰለቸዋል። እኔ በበኩሌ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር መውጣቱን ወድጄዋለሁ። መንገድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ድንቅነሽ ያለችበት፤ ሌክቸር ሲቀር ጎራ ማለት ነው።

አንድ ምክር። ምዝገባ የጨረሳችሁ ዕለት የተቋሙን ሙዚየም እዩ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልደት እስከ ሞት። ከዚያ የንጉሡን መኝታ ቤት ታገኛላችሁ። ጓደኛዬ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ሳያየው ነው የተመረቀው። እስካሁን እንስቅበታለን።