ደሴ ድረስ የወሰድነው ከባዱ ኢንቨርተር፦ የሻጩ፣ የጫኙና የገጣጣሚው ነገር

ወሎ ላሉ ወላጆቻችሁ ሶላር ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡት። ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ፣ ደሴ ላለው የእናቴ ቤት ሶላር አስገጥሜ ተመልሻለሁ። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ሳጥን፣ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። የገጠመልን ባለሙያም ወርቅ ነው። ያቃጠለኝ ማጓጓዙ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ላስቀድም። "ለምን ከአሜሪካ ይዘህ አልሄድክም?" ይሉኛል። አያዋጣም። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የእኛ አገር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ዕቃ አገር ቤት መከራ ነው። ክብደቱም አለ። አውሮፕላን ላይ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ አይቀበሏችሁም። የቤት ሊቲየም ባትሪማ ጭራሽ አይታሰብም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ክልክል ነው፤ የእኛ ቤት ባትሪ ደግሞ 5,120 ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አዲስ አበባ ገዛሁ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኢንቨርተር አለ። አንዱ ቀላል ነው፤ 6 ኪሎዋት ተብሎ ከ15 ኪሎ አይበልጥም። ሌላው ውስጡ ትልቅ የብረትና የመዳብ ትራንስፎርመር አለው፤ ያው 6 ኪሎዋት ሆኖ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እኔ ከባዱን የመረጥኩት በውሃው ምክንያት ነው። እናቴ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፕ ደግሞ ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጎትታል። ቀላሉ ኢንቨርተር ይህን ጉተታ የሚችለው ለቅጽበት ነው፤ ቶሎ ይዘጋል። ባለ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ እስከ ሦስት እጥፍ ለጥቂት ሰከንዶች ይሸከማል።  ፓምፕ የሌለው ቤት ግን ቀላሉ ይበቃዋል፤ በከንቱ ብረት አትሸከሙ።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። አቀባበላቸው ጥሩ ነው። ቡና አፍልተው፣ ዕቃውን ፊቴ አብርተው፣ ሁሉን አሳዩኝ። ዋጋውንም ብዙ አላጓተቱም። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። "ደሴ ድረስ በምን ይሄዳል?" ስላቸው "ካርቶኑ ጠንካራ ነው፣ አታስብ" አሉኝ። የእንጨት ሳጥን ይሠራለት ብዬ ብጠይቅም አያስፈልግም ብለው አለፉት። የዋስትናው ወረቀት ላይ ደግሞ በትንሹ፣ በማጓጓዝ ወቅት የሚደርስ ጉዳት እነሱን እንደማይመለከት ተጽፏል። ታዲያ የሚያውቁትን አደጋ ለምን ለደንበኛ አይናገሩም?

ጭነቱን የሰጠነው ደሴ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ድርጅት ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። በከሚሴ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንዝረት አለው፣ ጥምዝምዝ አለው። ነገር ግን የእኛን ኢንቨርተር የጎዳው መንገዱ አይመስለኝም። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የታሸገው በፎርክሊፍት ተነስቶ ቀጥ ብሎ እንዲጓዝ ነው። እኛ አገር ግን በሰው እጅ ይወጣል፣ በሰው እጅ ይወርዳል፣ መጋዘን ገብቶ እንደገና ይወጣል። 50 ኪሎ ካርቶን የደከመው ሰው እጅ ላይ ሲያመልጥ የሚሆነው ይታወቃል።

ደሴ ሲደርስ ካርቶኑ ሁለት ቦታ ተንዷል። ጎኑ ላይ የተለጠፈች፣ ዕቃው ሲመታ ቀይ የምትሆን ምልክት አለች። ደም መስላለች። ሠራተኛው ደረሰኙን አቅርቦ "ፈርምና ውሰድ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው" አለኝ። አልፈርምም አልኩ። እዚያው ይከፈት ብዬ ባለሙያውን ደወልኩለት። ፒያሳ አካባቢ ስለነበር ቶሎ ደረሰ።

ይህን ልጅ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ገና በሃያዎቹ ነው። መጥቶ ምንም አልተናገረም። መጀመሪያ ካርቶኑን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳ። ቀጥሎ ዕቃውን ከእኔ ጋር ይዘን ቀስ ብለን ዘንበል አደረግነው፤ ውስጡ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ካቻቪቴውን አውጥቶ የጎኑን ላሜራ ፈታ። የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አስገብቶ "ና እይ" አለኝ። ትራንስፎርመሩ ከተቀመጠበት ተንሸራቷል። ከያዙት አራት ብሎኖች አንዱ ተቆርጦ ታች ወድቋል፤ ሲንኳኳ የነበረው እሱ ነው። የተቀመጠበት ላሜራ ታጥፏል። የታጠፈው ጠርዝ ደግሞ የመዳቡ ሽቦ የተጠቀለለበትን ቢጫ ልባስ ነክቶታል፤ ጥፍር የምታክል ቦታ ተፍቃለች።

ከባዱን ኢንቨርተር የሚገድለው እንግዲህ ይህ ነው። ከክብደቱ አብዛኛው ያ ትራንስፎርመር ነው፤ ያውም በአንድ በኩል የተቀመጠ። የያዘው ደግሞ ስስ ላሜራ ነው። ቀጭን ሳጥን ውስጥ የወፍጮ ድንጋይ እንደማሰር ነው። ሳጥኑ ሲወድቅ ላሜራው ይቆማል፣ ብረቱ ግን መሄዱን ይቀጥላል። ከውጭ ብታዩት ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ብቻ ናት። ብታበሩት ምናልባት ይነሳል። እየጮኸ ይሠራል፣ እየነዘረ ልባሱን ይፍቃል፣ አንድ ቀን ሽቦው ከሳጥኑ ጋር ይገናኛል። ልጁ "ይህን እኔ አላበራም፣ እማማ ቤት እሳት አላስገባም" አለ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ሻጮቹ "ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር" አሉ። የጭነት ድርጅቱ "እኛ የተረከብነው የታሸገ ካርቶን ነው፣ ውስጡን አናውቅም" አለ። መሀል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያዳነን ያልተፈረመው ደረሰኝና ፎቶዎቹ ናቸው። ሻጮቹ ፎቶዎቹን ካዩ በኋላ፣ የመመለሻውን ጭነት እኔ ከፍዬ፣ ሌላ ሊለውጡልኝ ተስማሙ። ይህን ሳልመሰክርላቸው ባልፍ ነውር ነው። ቢገደዱም ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሁለተኛውን የእንጨት ሳጥን አሠርቼ፣ ከታች ፓሌት አስመትቼ፣ ሁለቱም ጎን ላይ በቀይ ቀለም "ቀጥ አድርገህ ያዝ" አስጽፌ በሌላ መኪና አስጫንኩት። የአናጢው ዋጋ ከኢንቨርተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ልክ እንደወጣ ደሴ ገባ።

ደሴ ላይ ያወረዱትና ቤት ያደረሱት ልጆች ግን ሊመሰገኑ ይገባል። የእናቴ ቤት ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ነው። መኪና አይገባም፤ ከአስፋልቱ በኋላ ያለው ቀጭን የድንጋይ ደረጃ ነው። ዋናቸው ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየውና "ራሱ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ብረቱ ያለበትን ጎን አሳየሁት። ሁለት አጣና አምጥተው በገመድ አሰሩት። ሁለቱ ጉልበታሞች ከባዱን ጎን ያዙ። ከአንድ ማረፊያ ወደ ሌላው፣ አንድ ጊዜም መሬት ሳያስመቱት አወጡት። እኔ ከኋላ ልቤ ቆሞ ስከተል፣ ዋናቸው ዞር ብሎ "አብሽር ወንድሜ፣ ከእጃችን አይወጣም" ይለኛል። እናቴ በር ላይ ቆማ መረቀቻቸው። ሒሳብ ሲባል የተነጋገርነውን ብቻ ወሰዱ፤ የጨመርኩላቸውን በስንት ልመና ተቀበሉ።

መግጠሙ ላይ ልጁ አልቸኮለም። ዕቃው ደህና ቢደርስም በንዝረት የሚላላ ብሎን አይጠፋም ብሎ፣ እያንዳንዱን የገመድ መያዣ በየተራ አጠበቀ። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ገመድ ላይም ድርቅ አለ። 6 ኪሎዋት በ48 ቮልት ሲካፈል 125 አምፒር ነው። ገበያ ላይ የቀረበልን 16 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ገመድ ነበር። "ይህ ይቀልጣል" ብሎ 50 ካሬ እስኪገኝ ሥራውን አቆመው። ሻጮቹ ባትሪውን ሲያሳዩኝ ኢንቨርተሩ የተስተካከለው ለድሮው የአሲድ ባትሪ ነበር፤ አዲሱም እንደዚያው ነው የመጣው። ልጁ ማስተካከያውን ወደ ሊቲየም ቀየረው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አስተማረኝ። ሻጮቹ በሰጡን ንድፍ ላይ ፓነሎቹ ሦስት ሦስት ተያይዘው እንዲታሰሩ ነበር የተጻፈው። አንዱ ፓነል ምንም ሳይጫንበት 50 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ የእኛ ኢንቨርተር ከፓነል የሚቀበለው እስከ 150 ቮልት ነው። ሦስቱ ልክ ጫፉ ላይ ናቸው። ፓነል ደግሞ ሲበርደው ቮልቱ ይጨምራል። በጥር የደሴን ጎህ የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ገና ፀሐይ ብቅ ስትል 150ውን አልፎ ኢንቨርተሩን ያቃጥለው ነበር። ስለዚህ ስድስቱን ፓነሎች ሁለት ሁለት አድርጎ በሦስት መስመር አሰራቸው።

የከፍታውንም ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ብዙ አምራቾች ሙሉ አቅም የሚሉት እስከ 1,000 ወይም 2,000 ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል መቀነስ ነው። የእኛው መመሪያ 1,000 ስለሚል 6 ኪሎዋቱን 5 ብላችሁ ያዙት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ትንሽ ይሻላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ሙቀቱን ታገሱ።

አሠራሩስ? ፓምፑ ሲነሳ ትራንስፎርመሩ "እም" ይላል፣ አምፖሎቹ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይደበዝዛሉ፣ በቃ። ጎረቤት ያለው ቀላል ኢንቨርተር በእኛው ዓይነት ፓምፕ ይዘጋል፤ አብረን አይተነዋል። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ አይጠፋም፣ ቴሌቪዥኑም አይጠፋም። እናቴ መሄዱን የምታውቀው የጎረቤቱ ግቢ ሲጨልም ነው።

ጉድለት አለው። ከባዱ ምንም ሳይሠራ ቆሞ እንኳ ይበላል። ስክሪኑ ላይ 70 ዋት ገደማ ያሳያል። ይህ በ24 ሰዓት 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የባትሪያችን ሲሶ ማለት ነው። በበጋ ፀሐይዋ ስለምትተካው አይታወቅም። በሐምሌና ነሐሴ ደሴ ጉም ስትለብስ ግን ይሰማል። ለዚያ የቁጠባ ማስተካከያውን አስከፍተነዋል፤ ለእህቴም አሳይተናታል።

ምጣዱን በተመለከተ፣ እናቴ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ ይችለዋል፤ ባትሪው ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እያለች አንድ ዙር መጋገር ይቻላል። ማታ አይሞከርም። ልጁ ይህንን ለእናቴ ሲያስረዳ እንዲህ አላት፦ "እማማ፣ እርስዎ መብራት ሲኖር ይጋግሩ፤ ሲሄድ ቡናዎትን ያፍሉ።" በዚህ ተስማምተዋል።

ለመጀመሪያው ዕቃ ከጭነት ድርጅቱ የሚገባን የመመለሻ ወጪ እስካሁን አልተከፈለም። ፎቶዎቹም ያልተፈረመው ደረሰኝም እህቴ ጋ ናቸው። ቢሯቸው ቧንቧ ውሃ ለሚባለው ሰፈር ቅርብ ስለሆነ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ትጠይቃቸዋለች። ሲከፍሉ እዚሁ እጽፋለሁ።