ጠገራዎቼ ካፕሱል ውስጥ ከረሙ

ባለፈው ታኅሣሥ አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ 30 የሳንቲም ካፕሱል ይዛልኝ መጣች። ከጠንካራ አክሪሊክ የተሠራ ክብ ማቀፊያ ነው፤ ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ ሳንቲሙ በሁለቱም በኩል ይታያል። አሁን ጥቅምት ነው፣ አሥር ወር ሞልቶታል። ቀድሜ ያልጻፍኩት ክረምቱ እስኪያልፍ ስለጠበቅኩ ነው። በበጋማ የትም ብታስቀምጡት ደህና ይመስላል።

ካፕሱል ፍለጋ የገባሁት አንድ ሳንቲም ካበላሸሁ በኋላ ነው። ለአምስት ዓመት የምጠቀመው ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ያለው አልበም ነበር። አንድ ቀን በ1936 ዓ.ም. የወጣውን የመዳብ አሥር ሳንቲም ለጓደኛዬ ላሳይ ሳወጣው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። አንበሳው ላይ አረንጓዴ፣ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ወጥቶበታል። ኪሱ ፒቪሲ (PVC) ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ፒቪሲ እያረጀ ሲሄድ አሲድ ይለቃል፣ ማለስለሻ ዘይቱም ይወጣል፤ መዳብ ደግሞ ይህን አይችልም። አሴቶን በሚባል ንጹሕ ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ ነከርኩት (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፣ እሱ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል)። የሚያጣብቀው ለቀቀ። የተበላው ቦታ ግን አልተመለሰም፣ አንበሳው ጋማ ላይ ሦስት ጉድጓድ ቀርቷል። አልበማችሁ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ዛሬውኑ አውጧቸው።

ወደ ካፕሱሉ ልመለስ። መጀመሪያ የገቡት አያቴ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችኝ ሰባት ጠገራ ብሮች፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው የድሮ የብር ሳንቲሞች ናቸው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፤ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ነው የያዙት። ከሺህ 833 እጃቸው ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስድስቱን ካፕሱል ውስጥ አስገባሁ። ሰባተኛውን ለማወዳደር ብዬ በካኪ ፖስታ አድርጌ ካፕሱሎቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። መስከረም ላይ ሳወጣቸው ስድስቱ እንዳስገባኋቸው ናቸው። የፖስታው ጠገራ ዳሩ ዙሪያውን ቢጫ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ የላቲን ጽሑፉ መሀል ደግሞ ጠቁሯል። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ርካሽ ወረቀት፣ ጎማና ሱፍ ውስጥ አይጠፋም።

ካፕሱሉ ግን ብቻውን አልሠራም። አየር ጨርሶ አያስገባም የሚባለውን አትመኑ፤ በመጋጠሚያው ቀስ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ሁሉንም ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ምግብ ሳጥን ውስጥ አድርጌ እርጥበት የሚመጥ ሁለት ከረጢት የሲሊካ ጄል ፍሬ ጨመርኩበት። ፍሬዎቹ ደረቅ ሲሆኑ ብርቱካናማ፣ እርጥበት ሲጠጡ አረንጓዴ ይሆናሉ። በጋውን ሙሉ ቀለማቸው አልተለወጠም። ሐምሌና ነሐሴ ግን በየሦስት ሳምንቱ አረንጓዴ ሆነው አገኘኋቸው። ፍሬዎቹን ትሪ ላይ ዘርግቼ 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ሳቆያቸው ይመለሳሉ። ይህን የማትከታተሉ ከሆነ ሳጥኑ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝባችኋል።

ያልወደድኩት ልኩን ነው። እኔ 41 ሚሊ ሜትር አዘዝኩ፣ ከጠገራዎቹ ሁለቱ ግን 40 እንኳ አይሞሉም። ካፕሱሉን ሲያነቃንቁት ይንኳኳሉ፣ መንኳኳት ደግሞ ብርን ይፍቃል። ከማዘዛችሁ በፊት እያንዳንዱን በካሊፐር ለኩት። አከፋፈቱም ያስቸግራል። አንዴ በጥፍሬ ስታገል ጠገራው ፈናጥሮ ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ወደቀ። አሁን ፎጣ ዘርግቼ፣ የጥጥ ጓንት አድርጌ ነው የምከፍተው፤ ሳንቲሙንም በዳሩ ብቻ ነው የምይዘው። የጣት ላብ ጨው አለው፣ አሻራው ከወራት በኋላ ብቅ ይላል።

አያቴ ጠገራ ሲጠቁርባት በአመድና በሎሚ ትወለውለው ነበር። አንዱ ላይ ከዘውዱ የዕንቁ ፍሬዎች ግማሹ በዚያ ጠፍቷል፤ ድሮ ሰው ትክክለኛ ብር መሆኑን የሚያውቀው እነዚያን ፍሬዎች ቆጥሮ ነበር። እሱንም እንዳለ ካፕሱል ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የፖስታውን ጠገራም አልወለወልኩትም፤ ትናንት ማታ ከነጥቁረቱ ሰባተኛ አድርጌ ከስድስቱ ጋር አስቀመጥኩት።