ቡፌያችንን ከመጥቀስ ላስቆመልን ልጅ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመብራት ሠራተኛ የምትፈልጉ ካላችሁም ለመጠቆም። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የቡፌ መብራት ነው። ግን ለወራት ናላችንን አዞረው።

ሳሎናችን ያለውን ቡፌ ያሠራው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አራት መደርደሪያ አለው፣ ፊቱ መስታወት ነው፣ ከታች ባለ መዝጊያ ቁም ሳጥን አለው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የእናቴ ብርሌዎች ተደርድረዋል። እህቴ ስታገባ፣ ለመልሱ ቤቱ ይመር ተብሎ በየመደርደሪያው ጠርዝ ስር ኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ማለትም ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት የሚለጠፍ ጥብጣብ፣ ገባለት። ቢጫ ብርሃን ነበር። ሲበራ ባዶዎቹ ብርሌዎች ጠጅ የተሞሉ ይመስሉ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ላይኛው መደርደሪያ ጨለመ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። አንድ ሠራተኛ ጠራን። ቀና ብሎ አየና “ስትሪፑ ተቃጥሏል፣ ሙሉው ይቀየር” አለ። 5 ሜትር አዲስ ጥቅል ገዛን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጥሞ ሄደ። አዲሱ ነጭ ነው፣ እንደ ጉድ ያበራል። ሳሎናችን ፋርማሲ መሰለ። ይሁን አልን።

የዚያኑ ዕለት ማታ መጥቀስ ጀመረ። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። መልሰን ስንደውልለት “የመብራቱ ኃይል ነው የሚዋዥቀው” አለን። እኛም አመንን፤ ይህን ለማመን የሚቸገር የአገራችን ሰው አላውቅም። ስታቢላይዘር ገዛን። ቡፌው በስታቢላይዘርም ይጠቅሳል። ለፋሲካ ከመንዝ የመጣው አጎቴ ምግቡን ትቶ ሲያየው ቆየና “ይቺ ቡፌ ማንን ነው የምትጠቅሰው?” አለ። እናቴ ያን ቀን ሶኬቱን ነቀለችው።

አሁን የማመሰግነውን ልጅ ያመጣው ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ነው። ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሐሙስ መጣ። ይህን አልደብቅም። ገብቶ ግን ካቻቢቴውን አላወጣም። ቁጭ ብሎ ጠየቀ። መቼ ጀመረ? መጀመሪያ ምን ሆነ? የሚጠቅሰው አንዱ መደርደሪያ ነው ወይስ ሁሉም አንድ ላይ? እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

“ሁሉም አንድ ላይ” አልኩት።

“እንግዲያው ከስትሪፑ አይመስለኝም። ከምንጩ ነው።”

የታችኛውን ቁም ሳጥን ከፍቶ አዳፕተሩን፣ የሶኬቱን 220 ቮልት ለስትሪፑ ወደ 12 የሚቀይረውን፣ ፈለገ። የተገኘው ከታጠፉት ብርድ ልብሶች ስር ነው። ሲነካው ይፋጃል። “እማማ፣ ይሄ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው እንዴ የሚሠራው?” ሲላት እናቴ “የደብረ ብርሃን ብርድ ነዋ ልጄ!” አለችው።

ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ልቤን የነካው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ 12 ቮልት፣ 3 አምፔር። ሁለቱ ሲባዙ 36 ዋት። የአዲሱ ስትሪፕ ካርቶን ላይ ደግሞ በሜትር 14.4 ዋት ይላል። መደርደሪያዎቹን በሜትር ለካ። እያንዳንዱ 1.20፣ አራቱ 4.80 ሜትር። ስልኩ ላይ አባዛና አሳየኝ፤ 69 ዋት። “36 የምትሸከም አህያ ላይ 69 ጭናችሁባት ነው። ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። መጥቀስ የምትሉት እሱን ነው” አለኝ። አዳፕተሩ ጭነቱ ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። የላይኞቹን ሁለት መደርደሪያዎች ሲለያቸው መጥቀሱ ቆመ። ሲመልሳቸው ተመለሰ። ቴስተሩንም ሰክቶ አሳየኝ። ጭነት ሳይኖር 12 ላይ ይቆማል፣ ሁሉም ሲገናኝ ቁጥሩ ይዘቅጥና መልሶ ይነሳል።

እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ። ትልቅ አዳፕተር ልንገዛ ነው ብዬ። እሱ ግን “የድሮው ስትሪፕ የት ደረሰ?” አለ።

እናቴ ምንም አትጥልም። ከብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከክርና መርፌው ጋር፣ አራቱንም ቁራጭ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እሱን ስታወጣ መብራት ሄደ። ሄደ ስል፣ የሰፈሩ።

ልጁ አልተበሳጨም። “የባጃጅ ባትሪ ስንት ቮልት ነው?” ብሎ ወንድሜን ጠየቀውና ራሱ መለሰ፤ “12!” ግቢ ወጣን። መሽቷል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስቦ የመጀመሪያውን ቁራጭ ነካ። አልበራም። ልቤ ወደቀ። “ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦብኝ ነው” አለና ሲያዞረው ያ ቢጫ ብርሃን ቦግ አለ። ተቃጠለ የተባለው! ሁለተኛው በራ፣ ሦስተኛው በራ፣ አራተኛውም ለብቻው ሲነካ በራ። በፕላስቲክ ክሊፑ ከሦስተኛው ጋር ሲያያዝ ግን ጨለመ። ክሊፑን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። በራ። ለቀቀው። ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስለፋን የጣት ጥፍር የምታክል ክሊፕ ናት። ጥርሶቿ የመዳቡን ነጥብ በደንብ አልነከሱም። የቡፌው በር በተዘጋ ቁጥር ስትነቃነቅ ከርማለች።

የአሮጌውንም ፍጆታ እዚያው ለካ። አራቱም በርተው 2 አምፔር ገደማ። ባለን አዳፕተር በምቾት ይሠራል ማለት ነው። “ሁለት ምርጫ አላችሁ። ለነጩ 8 አምፔር አዳፕተር ትገዛላችሁ፣ ወይም አሮጌው ይመለሳል። እኔ ብሆን አልገዛም” አለ። አዳፕተሩን ከሱ ብንገዛ ኖሮ ትርፍ ነበረው። እናቴ ቀድማ መለሰች፤ “ብርሌዎቼ ጠጅ ይምሰሉ።”

መብራት ሲመጣ ክሊፖቹን ሁሉ ጥሎ መጋጠሚያዎቹን ሶልደር አደረጋቸው፣ በናስትሮ ሸፈናቸው። የስትሪፑ የድሮ ሙጫ አቧራ ጠግቧል። እሱን ልጦ እንጨቱን በአልኮል ጠረገና ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አመጣ። ከመለጠፉ በፊት የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ጠየቀ! ሙጫ በቀዘቀዘ እንጨት ላይ እንደማይዝ፣ በደብረ ብርሃን ማታ ደግሞ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ነገረን። እንጨቱን ሞቅ እያደረገ ለጠፈው። አዳፕተሩን ከብርድ ልብሶቹ አውጥቶ ከቡፌው ጎን፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ሰቀለው።

እየሠራ የነገረኝን ላካፍላችሁ። ሁሉም አንድ ላይ ከጠቀሰ መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። አንድ ክፍል ብቻ ከጨለመ መጋጠሚያውን ጫን አድርጋችሁ እዩ፣ በ12 ቮልቱ በኩል ማለቴ ነው፤ የ220ውን ጎን ለባለሙያ ተዉት። ስትሪፑ የሚቆረጠው በመቀስ ምልክቱ ላይ ብቻ ነው፣ በብዛት በየሦስት አምፖሉ። አዳፕተር ስትገዙ ደግሞ ልክክ ያለ አትግዙ፣ ትንሽ ትርፍ ይኑረው።

የጠየቀን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ለነጩ ስትሪፕ ካወጣነው ያነሰ። ስለ ስታቢላይዘሩ ስጠይቀው ሳቀና “ለፍሪጃችሁ አድርጉት” አለ።

ስሙን እንድጽፍ አልፈቀደም፣ ሰው ይበዛብኛል ብሎ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ስልኩን እንድሰጥ ተስማምቷል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የትም ይመጣል። ጠዋት ስልክ አያነሳም፣ ከሰዓት ሞክሩት። ቀን ሲቀጥራችሁም ሁለት ቀን ጨምሩበት።

ነጩ ስትሪፕ አሁን ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ነው። እናቴ ለማንም አልሰጥም ብላለች።